አስራ ሁለተኛዋ

ጎረቤቴ ልጇን ልትድር ነው። ከሁለት ሳምንት ጀምሮ በጋራ አጥራችን ሥር፣ በሰፊ ሳፋ፣ አክርማ እየነከረች ታሳድራለች። የሙሽራዋ መሶብ ሊሰፋ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት በሬን ስከፍት ያ የእርጥብ ሣር፣ የቀለምና የሻጋታ ሽታ ተቀበለኝ።

"ምነው ፊትሽ ተለዋወጠ?" አለችኝ።

"ይኼ የእስር ቤት ሽታ ነው" አልኳት፣ ሳላስበው።

ተቀየመችኝ። በልጄ መሶብ ላይ ክፉ አፍ አሳረፈችበት ብላ እስከ ዛሬ አኩርፋለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ቃሌን መመለስ አልቻልኩም። ታስሬ አውቃለሁ ብላትም አታምነኝም፤ የሞጣ ሰው እኔን የሚያውቀኝ በቁጥብነቴ ነው።

ግን ታስሬያለሁ። ቢቸና፣ ከመስቀል ማግስት ጀምሮ ፋሲካ እስኪያልፍ። ሰባት ዓመቴ ነበር። የታሰርኩትም ተፈርዶብኝ ነው፤ ያን ጊዜ እኔ የማውቀው እንደዚያ ነበር።

አባቴ የሞተው ከመታሰራችን ዓመት ቀደም ብሎ በነበረው ክረምት ነው። ቀብሩን ብዙም አላስታውሰውም። የማስታውሰው በኅዳር ጤፋችንን ያጨደልንን ወንፈል ነው። እናቴ ብቻዋን ብትይዘው ወር የሚፈጅባትን ማሳ፣ የሰፈሩ ሰው ማጭዱን ይዞ ወጣና ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረሰው። አንድ ሽማግሌ ማጭዳቸውን በሣር እየጠረጉ "ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ" ሲሉ ሰማሁ። ለእኔ ያ ተረት አልነበረም፤ በዓይኔ ያየሁት ነገር ነው። ብዙ ሰው ከገባበት ሥራ ያጥራል።

እኔም ነዶ ልሸከም ብዬ ስገባ "ዞር በይ፣ አንቺ ገና ከሰው አትቆጠሪም" ብለው አስወጡኝ። ትንሽ ልጅ ወንፈል ላይ ይበላል እንጂ አይቆጠርም። ቀኑን ሙሉ አለቀስኩ፤ ማታ እናቴ አባበለችኝ።

"ሰባት ዓመት ሲሞላሽ ትቆጠሪያለሽ" አለችኝ።

ያቺን ሰባት ዓመት እንደ ዓመት በዓል ጠበቅኳት።

በግንቦት፣ የእርሻ ወቅት ሲደርስ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ደሴ ድንበር ገፋ። አባቴ በነበረበት ጊዜ ድንበሩ ከአንዲት የግራር ጉቶ ሥር ነበር፤ አንድ ቀን ጠዋት ስንወጣ የድንበሩ ድንጋይ ወደ እኛ ማሳ ገብቶ አያ ደሴ በሬዎቹን ጠምዶ አገኘነው። እናቴ በለሆሳስ ጀመረች። "አያ፣ የሙት ልጅ መሬት ነው" አለችው። እሱ በሬውን እየነዳ "የሙት ሚስት ትረስ እስቲ" አለ። ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነው። እናቴ ከድንበሩ ክምር አንድ ድንጋይ አነሳች። እኔም እንደ እሷ አንዲት ጠጠር አነሳሁ። ሁለታችንም ወረወርን። አያ ደሴ ዓይኑን ይዞ ቁጭ አለ። ያ ዓይን ከዚያ ወዲህ አላየም። የማን ድንጋይ እንዳገኘው እናቴና መላው ሰፈር ያውቁ ነበር፤ እኔ ብቻ እርግጠኛ አልነበርኩም።

ክረምቱ በዋስና በቀጠሮ አለፈ። ፍርዱ የተነበበው መስቀል ባለፈ በማግስቱ ነው። የሚያስቀምጠኝ ሰው ስላልነበረ ከእናቴ ጎን ነጠላዋን ጨብጬ ቆምኩ። ዳኛው ረጅም ነገር አነበቡ። እናቴ የእግሯን ጣቶች ታያለች። በመጨረሻ "በአምስት ዓመት ጽኑ እስራት" አሉና መነጽራቸውን አውልቀው ያዩት እሷን ሳይሆን እኔን ነው።

"ይቺስ?" አሉ።

"ከእኔ ጋር ናት፣ ጌታዬ" አለች እናቴ።

ዳኛው "እሺ" አሉና መዝገቡን ዘጉ። እንግዲህ ለእኔ ፍርዱ ይኸው ነበር። ጠጠር ወርውሬያለሁ፤ ዳኛው አይተውኛል፤ እናቴም ከእኔ ጋር ናት ብላለች። ቅር አላለኝም። ብቻዋን ቢፈርዱባት ነበር የምፈራው።

ከፍርድ ቤቱ ወደ እስር ቤቱ በሁለት ፖሊስ መካከል ስንሄድ ጠየቅኳት።

"እማ፣ አምስት ዓመት ብዙ ነው?"

"ብዙ ነው።"

"ሁለት ሆነን ስንይዘው ግን ቶሎ ያልቃል አይደል? እንደ ጤፉ።"

እናቴ የምላትን የምትሰማ አይመስለኝም። ዓይኗ የገበያውን ሰው እንዳያይ መሬት መሬት ትል ነበር። "አዎ ስሙዬ" አለችኝ፤ ስሜ ስመኝ ነው፣ ስትራራልኝ ስሙዬ ትለኛለች። "አዎ፣ ቶሎ ያልቃል።"

በዚያው መንገድ ላይ አካፈልኩት። ሁለት ለእሷ፣ ሁለት ለእኔ፣ አንዱ ተረፈ። የተረፈውን እኔ እወስደዋለሁ ብዬ ወሰንኩ፤ እሷ እግሯን ያማት ነበር።

በሩ ላይ የሚመዘግበው ፖሊስ ብዕሩን አንስቶ "ለትምህርት የደረሰ ልጅ እዚህ አይገባም" አለ።

"ኧረ አራት ዓመቷ ነው" አለች እናቴ፤ እጄን በጥፍሯ ቆነጠጠችኝ።

ፖሊሱ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። የክረምቱ ረሃብ ረድቶናል፤ ቀጫጫ ነበርኩ። "ምን እያበላሻት ነው?" ብሎ ጻፈ። እናቴ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ "ከጠየቁሽ አራት ነው የምትይ፤ ካላልሽ ይለያዩናል" አለችኝ። በዚህ ዓይነት፣ ሰባት ሞልቶኝ ከሰው ልቆጠር ስል ተመልሼ አራት ሆንኩ።

የሴቶቹ ግቢ ጠባብ ነው። በቆርቆሮ ታጥሮ፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት። ከቆርቆሮው ማዶ የወንዶቹ ግቢ አለ። እናቴ ስትጨመር አስራ አንድ ሴቶች ሆኑ። ቀን ቀን አክርማ ነክረው ሌማትና መሶብ ይሰፋሉ፤ ጣታቸው አረንጓዴና ቀይ ነው። ክፍሉ፣ ጋቢው፣ የእናቴ አንገት ሳይቀር ያን እርጥብ ሣር ይሸታል። ሌላው ሽታ ነጭ ጋዝ ነው፤ ቅማል እንዳይዘን በየእሁዱ ጠጉራችንን የሚቀቡን። ከበሩ አጠገብ የምትተኛ ትርንጎ የምትባል ልጅ እግር ሴት ሌሊቱን ሙሉ ስትስል ታድራለች። እናቴ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙራ በነጠላዋ ትከልለኛለች። እኔ ብርድ እንዳይመታኝ ይመስለኝ ነበር።

የክፍሉ አለቃ እማማ የሻረግ ነበሩ። ፍርዳቸው አስራ ስምንት ዓመት ነው፤ ምን አድርገው እንደሆነ በፊታቸው የሚያነሳ የለም። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ጠያቂ አልመጣላቸውም ሲባል ሰማሁ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። አስራ ስምንት ዓመት የሆነባቸው ወንፈል የሚወጣላቸው ዘመድ ስለሌላቸው ነው። ብቻቸውን የያዙት ሥራ ነው። አዘንኩላቸውና አንድ ቀን "እማማ፣ የእኛ ሲያልቅ እንረዳዎታለን" አልኳቸው። ወስፌያቸውን አቁመው አዩኝ።

"ምኑን ልጄ?"

"እስሩን።"

"እሰይ" አሉ። "እሰይ፣ ምን ዕዳ አለብኝ እንግዲህ!" ብለው ሳቁና ወደ ስፌታቸው ተመለሱ፤ ወስፌው ግን ብዙ ጊዜ ሳርን ሳይሆን ጣታቸውን ወጋ።

ጠባቂያችን አስር አለቃ ከድጃ ነበረች፤ ከወሎ ተመድባ የመጣች፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ ቁልፏን በገመድ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል። እሷም እንደታሰረች ነበር የማስበው። ጠዋት አለች፣ ማታ አለች፤ ገናም ሆነ ጥምቀት የትም አትሄድም። ልዩነቷ ቁልፉን እንድትይዝ መፈረዱ ብቻ ነው።

ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ቆጠራ አለ። መጀመሪያ ወስፌዎቹ ይሰበሰባሉ፤ ስለት ናቸውና ከድጃ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አንድ በአንድ ትቆጥራቸዋለች። ቀጥሎ ሴቶቹ ከግድግዳው ሥር ይሰለፋሉ። ከድጃ በቁልፏ ትከሻቸውን ነካ ነካ እያደረገች "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ትላለች። ከማዶ ወንዶቹ የየራሳቸውን ቁጥር እየጮሁ ይጠራሉ፤ እስከ ሦስት መቶ መቁጠር የተማርኩት ከዚያ ቆርቆሮ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ነው። ከድጃ አስራ አንድ ስትል "ግቡ!" ትላለች። እንገባለን። በሩ ይቆለፋል።

እኔ በሰልፉ መጨረሻ፣ ከእናቴ ቀጥዬ እቆም ነበር። በየማታው ቁልፉ እናቴ ትከሻ ላይ ደርሶ ይመለሳል። መጀመሪያ ረስታኝ ነው አልኩ። ቀጥሎ ነገሩ አስጨነቀኝ። ካልተቆጠርኩ የእኔ ቀን ከአምስቱ ዓመት ላይ እንዴት ይቀነሳል? ወስፌ እንኳ ይቆጠራል። እኔ ያለሁ የለሁ ሳልባል፣ እናቴ ብቻዋን እያጨደች ነው ማለት ነው። ራሽኑም ቢሆን የሚመጣው በአስራ አንድ ሰው ልክ ነው። እናቴ ከድርሻዋ ቆርሳ ታጎርሰኛለች፤ ለራሷ "ጠግቤያለሁ" ትላለች፤ አጥንቷ ከክንዷ ላይ ሲወጣ አያለሁ። ከመንደራችን ስንቅ ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም። አያ ደሴን ፈርተው ነው።

በታኅሣሥ አንድ ማታ የከድጃን የቁልፍ ገመድ ያዝኩ።

"እትዬ ከድጃ፣ እኔንም ቁጠሪኝ።"

ሴቶቹ ሳቁ። እናቴ ክንዴን ጎተተችኝ። ከድጃ ግን አልሳቀችም። "አንቺንስ አላህ ከዚህ ቁጥር አያግባሽ" አለችና ገመዷን አስለቀቀችኝ።

በማግስቱ ደገምኩ። በሦስተኛው ቀንም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ያን ጊዜ ሁለቱንም ነበርኩ። በሳምንቱ ከድጃ ተሸነፈች። አስራ አንድ ካለች በኋላ ዘወር ዘወር ብላ አየችና ቁልፉን አናቴ ላይ አስቀመጠችው። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር።

"አስራ ሁለት!" አለች። "በቃ? ግቡ!"

በሕይወቴ እንደዚያ ማታ ኮርቼ አላውቅም። ሽሮው ውሃ ነበር፤ ጣፈጠኝ። ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ልማድ ሆነ፤ ለእነሱ ጨዋታ፣ ለእኔ ሥራ። ሳል ሲይዘኝም፣ እግሬ ሲደነዝዝም ለቆጠራ አልቀርም። እናቴን ማታ ማታ "ዛሬም ተቀነሰ" እላታለሁ። እሷ "እሰይ" ትለኛለች። ስለምን እንደማወራ ጠይቃኝ አታውቅም። እኔም የምታውቅ ስለመሰለኝ አላስረዳኋትም።

በየካቲት ትርንጎን በቃሬዛ አወጧት። የጤና ባለሙያ መጥቶ መስኮቱ ሁልጊዜ እንዲከፈት አዘዘ። መስኮቱ የሚከፈት አልነበረም፤ ተበይዷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ እኔን ስታይ ዓይኗ እኔ ላይ ይቆያል። በሩ ሥር የነበረውን ቦታዋን ባዶ ትተን ተጠጋግተን ተኛን። እስረኞቹ አሥር ሆኑ፤ ኋላ አንዲት ሴት ከገጠር መጣችና እንደገና አስራ አንድ ሞሉ። እኔ ግን አስራ ሁለተኛነቴን አልለቀቅኩም።

ሰሙነ ሕማማት ላይ የእስር ቤቱ ኃላፊ ለጉብኝት መጡ። ሽበታም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። እናቴ እንዲህ ዓይነት ሰው ሲመጣ ጭኗ ላይ ታስቀምጠኝና ጣቴን አፌ ውስጥ እንድከት ታደርገኛለች፤ አራት ዓመት እንድመስል ነው። ቀኑን እንዲያ አሳለፍነው። ሰውየው ሄዱ ስንል ግን ለቆጠራ ተመለሱ። ወረቀት ይዘው ከከድጃ ኋላ ቆሙ።

ከድጃ ቆጠረች። እናቴ ትከሻ ላይ ደረሰች። "አስራ አንድ" አለችና ቁልፉን ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

ጠበቅኩ። ወደ እኔ አላየችም። "ግ—" ልትል አፏን ስትከፍት አላስቻለኝም።

"አስራ ሁለት!" ብዬ ጮህኩ። "እኔን ዘለልሽኝ!"

የሳቀ ሰው አልነበረም። ኃላፊው ወረቀታቸውን አዩ፣ ሰልፉን አዩ፣ መጥተው ከፊቴ ቁጢጥ አሉ። ቁጣ አልነበራቸውም። ቢቆጡኝ ኖሮ ይሻል ነበር።

"አንቺም እስረኛ ነሽ?" አሉኝ።

"አዎ ጌታዬ።"

"ጎበዝ። ስንት ዓመትሽ ነው?"

እናቴን ቀና ብዬ አየኋት። ከንፈሯ ቃሉን ሲሠራው አየሁ፤ አራት። ምን ማለት እንዳለብኝ አልጠፋኝም። ይኼን እስከ ዛሬ ለራሴ አልዋሽም፤ ጠንቅቄ አውቀው ነበር። ግን አራት ዓመት የሆነው ከሰው አይቆጠርም፤ ይበላል እንጂ። አራት ነኝ ብል እኚህ ትልቅ ሰው ከነጭራሹ ይሰርዙኛል፤ እስካሁን የተቆጠርኩትም ይፈርሳል።

"ሰባት" አልኩ። "ሰባት ሞልቶኛል። እቆጠራለሁ።"

ኃላፊው ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። እናቴን "ዘመድ አላት?" ብለው ጠየቁ።  እማማ የሻረግ ናቸው "ሞጣ አክስት አላት፣ ጌታዬ" ያሉት። "እስከ ዳግማይ ትንሣኤ መጥታ ትውሰዳት" አሉና ለከድጃ "አንቺ ቢሮ ነይ" ብለው ወጡ። ከድጃን ከዚያ ወዲያ በውስጥ በር አላየኋትም። ውጭ ዘብ አደረጓት አሉ። ቁልፉን ሌላ ሴት ያዘችው፤ እሷ እስከ አስራ አንድ ብቻ ነበር የምትቆጥረው።

እናቴ ትገርፈኛለች ያልኩት ማታ አልገረፈችኝም። ጭኗ ላይ አስተኝታ ቅማሌን ስትፈልግ አመሸች። ቅማል አልነበረም፤ ጋዙ ገድሎታል። ጣቶቿ ግን ጠጉሬን አልለቀቁም።

አክስቴ ደብሬ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት መጣች። ከሞጣ እስከ ቢቸና በአይሱዙ ላይ ተጭና፣ አቧራ ለብሳ። የእናቴ ታናሽ ናት፤ ሞጣ ጤና ጣቢያ ጽዳት ትሠራለች። ለእኔ አዲስ ጫማ ይዛ መጥታለች፤ ያን ጫማ ሳየው ምን እንደሆነ ገባኝና ሮጬ የክፍሉን ምሰሶ አቀፍኩ።

"አልሄድም!" አልኩ። "አልጨረስኩም!"

"ምኑን ነው ያልጨረስሽው?" አለች አክስቴ፣ ጣቶቼን ከእንጨቱ ለማላቀቅ እየታገለች።

"ግማሹ የእኔ ነው! ድርሻዬን ትቼ ከሄድኩ እማ ላይ ይደረብባታል! ወንፈል ጥሎ አይወጣም!"

ሴቶቹ መጀመሪያ ሳቅ ቢጤ ጀመራቸው፤ ወዲያው ጠፋ። እናቴ አክርማ የያዘ እጇን አየር ላይ እንደተወችው ቀረች። ከታኅሣሥ ጀምሮ ማታ ማታ "ዛሬም ተቀነሰ" ስላት የነበረው ያን ጊዜ ገባት። እማማ የሻረግ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"ይታይሽ" አሉ እናቴን በስሟ ጠርተው፣ "ንገሪያት በቃ። ልጅ ናት፣ እውነቱን ንገሪያት።"

እናቴ ተነስታ መጣች። ፊት ለፊቴ ቆመች እንጂ አልተንበረከከችም። እውነቱን ልትነግረኝ ነው ብዬ ነበር። ፍርድ እንደማይካፈል፣ ዳኛው በእኔ ላይ እንዳልፈረዱ ብትነግረኝ አላምናትም ነበር፤ እሷም ይኼን አወቀች መሰለኝ።

"ስመኝ" አለች፤ ስሙዬ አላለችኝም። "ወንፈል ላይ ሊበላ የሚመጣ ሰው ታውቂያለሽ? የሚያጭደው የለም፣ ምሳ ላይ ግን ቀዳሚ ነው። አንቺ እንደዚያ ነሽ። ከእኔ ራሽን ነው የምትበይው። ከመጣሽ ጀምሮ ቀኑ አልሄድ አለኝ። ያረዘምሽብኝ አንቺ ነሽ። አሁን ሂጂልኝና ሥራዬን ልሥራበት።"

እጆቼ ከምሰሶው ላይ በራሳቸው ወረዱ። አላለቀስኩም። እውነቷን ነው የሚለው ነገር ነበር የጎዳኝ፤ ክንዷን አይቼዋለሁ፣ በልቼባታለሁ። አክስቴ ጫማውን ስታጠልቅልኝ እግሬን ሰጠኋት። በሩ ላይ ዞር ስል እናቴ ጀርባዋን ሰጥታን ሳፋው ላይ ጎንበስ ብላ አክርማውን ታሽ ነበር። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ሥራ ስለጀመረች መሰለኝ።

ደብረ ወርቅን፣ ጉንደ ወይንን እንዳለፍን አላወቅሁም። አክስቴ ቆሎ ስትሰጠኝ አልበላም አልኳት። ከዚያ በኋላም ሞጣ ላይ ለብዙ ጊዜ ጥጋቤን በላሁ የምለው ቀን አልነበረም። ትምህርት ቤት ገባሁ፣ ዩኒፎርም ለበስኩ፣ ጓደኛ አበጀሁ። ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ግን ከየትም ሮጬ እመጣና ከአክስቴ አጥር ሥር፣ ግድግዳውን ተደግፌ እቆማለሁ። የሚቆጥረኝ የለም። በልቤ እስከ አስራ አንድ ቆጥሬ ጥቂት ቆይቼ እገባለሁ። ድርሻዬን ከሩቅ ልክፈል ብዬ ነው፤ እዚህ ስቆም የምበላባት የለም። አክስቴ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሬ የምጸልይ ይመስላትና ለጎረቤት "ይቺ ልጅ መነኩሴ ነው የምትወጣ" ትላለች።

በየበዓሉ "ነይ እናትሽን እንጠይቃት" ትለኛለች። አልሄድም እላለሁ። ሄጄ ከመሶቧ ልበላ? ቀኗን ላረዝምባት? አክስቴ ምክንያቱን ስለማታውቅ አዘነችብኝ። አንድ ጊዜ ከቢቸና ስትመለስ "እናትሽ ስለ አንቺ ስትጠይቀኝ አልመጣም ብላለች ብላት ወደ ስፌቷ ተመለሰች፤ ምን ዓይነት ልብ ነው ያለሽ?" አለችኝ።  ያቺ እናት ያን ቃል ለምን እንደተናገረች ዛሬ አውቃለሁ፤ ያ ሳል፣ ያ መስኮት፣ ያ ራሽን። ማወቄ ግን ለዚያች ልጅ አልደረሰላትም። ሦስት ዓመት ከምናምን እናቴን ሳላያት አለፈ፤ እሷም ልጄ ጠላችኝ ብላ፣ እኔም አረዘምኩባት ብዬ።

ጠባይዋ መልካም ስለነበር በአመክሮ፣ አምስቱ ዓመት ሳይሞላ ፈቷት። አክስቴ ሄዳ ይዛት መጣች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃፉ ላይ አንዲት አጭር ሴት ተቀምጣለች። እናቴ ረጅም ነበረች። ጠጉሯ ከፊት ነጭቷል። ጉልበቷ ላይ በራሷ እጅ የሰፋችው ትንሽ ሌማት አለ፤ ሽታው ነው ማን እንደሆነች የነገረኝ።

"ደህና ዋልሽ" አልኳት፣ ለእንግዳ እንደሚባለው።

"ደህና" አለችኝ።

አልተቃቀፍንም። አክስቴ ከእሷ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሷ እያየች ተናዳ ወደ ማድ ቤት ገባች። እናቴ ሌማቱን ስትገለባብጥ፣ እኔ ደብተሬን ስገልጥ ቀኑ መሸ።

አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን እግሬ ራሱ አነሳኝ። አጥሩ ሥር ሄጄ ቆምኩ። ወዲያው ከጎኔ የልብስ ድምፅ ሰማሁ። እናቴ እጇን አጣጥፋ፣ ጀርባዋን ከግድግዳው አስጠግታ ቆማለች። እኔን ተከትላ የመጣች አልነበረም፤ የእሷም እግር ነው ያስነሳት። እኔ መቆሜን ያየችው ከቆመች በኋላ ነው። አየችኝ፤ ግድግዳውን አየች፤ ከግድግዳው ሥር በእግሬ ተረግጦ ሣር ያላበቀለውን ቦታ አየች። 

"በየቀኑ?" አለችኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ።

እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። "አንድ" አለች። ከዚያ ያን እጅ አናቴ ላይ አስቀመጠችው። ጣቶቿ እስከ ጥፍራቸው ቀለም ነበሩ።

"ሁለት" አለች።

ከዚያ ምን እንደሚደረግ ሁለታችንም አላወቅንም። ግድግዳውን ተደግፈን እንደቆምን ቀረን። ብርዱ ከጨረቃው ጋር ወጣ። እጇን ከራሴ ላይ አላነሳችም፤ እኔም አልተንቀሳቀስኩም። አክስቴ ከማድ ቤት ብቅ ብላ አየችን።

"በዚህ ብርድ ምን ቆማችሁ ነው?" ብላ ጮኸች። "ግቡ እንጂ!"

ገባን።